ያልተቀየረው ካፒቴን

ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች፣ ተጫዋች እየገዙና እየሸጡ በየሳምንቱ ቡድንና ካፒቴን በስልክ ስለሚመርጡበት ፋንታሲ እግር ኳስ ይነታረካሉ።

«ያን ውድ አጥቂ ሸጥኩት። ዋጋው ሰማይ፣ ጎሉ ባዶ!»

«ሁሉም ሸጦታል፤ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣው ከሰይድ በቀር።»

«አጥቂው አሁንም የሰይድ ቡድን ካፒቴን ነው?»

«አዎ። እግሩ የተሰበረ ካፒቴን!»

«ሰይድ? ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ቡድኑን የሚያስተካክል ልጅ?»

«ኔትወርክ አጥቶ ይሆናል።»

«አብረውት የወጡት ጅዳ ገብተው ደወሉ እኮ! በቃ፣ ከሊጋችን እናውጣው።»

«ወላሂ እንዳትነካው! እናቱ ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ‹ልጄ ካፒቴኑን ቀየረ?› ትለኛለች።»

ሮቢት ስንደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ቤቴን አለፍኩት።