የፈጠነው ላፕቶፕ

ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ላፕቶፕ ታቅፈዋል። ሌላው ወጣት ነው።

«እኔ ምን ነበር ያልኩህ?» አሉት።

«ዊንዶውሱ ተንቀራፈፈብኝ ነው ያሉኝ።»

«አንተስ?»

«ዊንዶውሱን ሳልነካ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ከጎኑ እጭንልዎታለሁ፤ ሲከፍቱት የፈለጉትን ይመርጣሉ አልኩ።»

«ታዲያ ምርጫው የታለ?»

«ሲጫን፣ ከጎኑ ይሁን ወይስ ያለው ሁሉ ይጥፋ ብሎ ይጠይቃል...»

«አንተ ደግሞ ሳታነብ ይጥፋ የሚለውን ነካኸው።»

«ቸኩዬ ነበር፣ ቲቸር።»

«ለተማሪ ግን ጥያቄውን በደንብ አንብቡ ትላለህ።»

«ሌላ ቦታ ኮፒ አላስቀመጡም እንዴ?»

«አሁን ደግሞ ጥፋቱ የኔ ሆነ። ሁለት ክረምት ሙሉ ዋግ የመታው የስንዴ ማሳ ውስጥ ስዞር መረጃ የሰበሰብኩለት የማስተርስ ጽሑፌ ነው እኮ የጠፋው።»

«ላፕቶፑን ያሳዩት ጠጋኝ ምን አለ?»

«አይመለስም አለ። ማን ነው የነካው ሲለኝ፣ የኮምፒውተር አስተማሪያችን ነው ማለት አሳፍሮኝ የሰፈር ልጅ ነው አልኩት።»

«እስቲ እኔ አንዴ ልሞክረው።»

«ተወኝ አቦ። እጅህን እንዳታስጠጋበት።»

ወጣቱ ላፕቶፑን ሰረቅ አድርጎ አየና፣ «ለማንኛውም ግን ፈጥኗል አይደል?» አለ።

«አዎ፣ ፈጥኗል። ባዶ ነዋ።»

ኢተያ ስወርድ፣ እዚያ ለምትኖረው እህቴ ላፕቶፕዋ ላይ ሊኑክስ ልጭንላት ብዬ ያመጣሁትን ፍላሽ ኪሴ ውስጥ እንደጨበጥኩ መንገዱን ተሻገርኩና ወደ አሰላ የሚመለስ ሚኒባስ መጠበቅ ጀመርኩ።