«ቻው» ያልሁ ዕለት

በኛ ጊዜ መለያየት ራሱ ሥራ ነበር። አትሳቅ፣ ሥራ ነበር እልሃለሁ! ሐሙሲት ገበያ የሚወርድ ሰው እንኳ ታላቁን ሳያስመርቅ ከደጅ አይወጣም፤ ጎንበስ ይላል፣ ጉልበት ይስማል፣ ታላቁም «በሰላም ግባ፣ ከክፉ ይሰውርህ» እያለ ይመርቃል፣ ይመርቃል፣ የተጫነው አህያ እስኪሰለቸው ይመርቃል።

እና ጣልያን መጣ። እኔ ያኔ ሚስት ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ጋፋት አጠገብ መንገድ ሥራ ገባሁ፣ ድንጋይ ፈለጣ። ካቦው ጣልያን ነው፤ ሆዳም፣ ሳቂታ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው! ክፉ ቢሆን ምኑን እለምድለት ነበር? ታዲያ ከሥራ ስንበተን «ጎበዝ፣ ቻው! አንተ በል፣ ቻው!» ይለኛል፣ እኔም «ቻው!» እላለሁ። ደስ ብሎኝ እኮ ነው! ቋንቋ ያወቅሁ መስሎኝ ለላሟም ቻው፣ ለሚስቴም ቻው። እሷ «ምን ነካህ፣ ዶሮ ነው የምታባርር?» ትለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ድንጋዬን ስፈልጥ አንድ ካሚዮን ሞተሩን ውሃ ሊያጠጣ እኛ ዘንድ ቆመ። ቀና ብል አባዬ ናቸው! የፊጥኝ ታስረው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ጠመንጃ ሸሽገዋል ተብሎ ጎንደር እስር ቤት ሊወስዷቸው ነው። ሮጥሁ። ሲያዩኝ ከነእስራታቸው ጎንበስ አሉልኝ፣ ሊመርቁኝ እኮ ነው! ወታደሩ «ቶሎ! ቶሎ!» ይላል፣ ካቦው ከኋላዬ ቆሟል፣ ሞተሩ ተነሳ፣ እና እኔ ደንግጬ፣ እግዜር ይፍረድብኝ፣ «ቻው አባዬ!» አልሁ።

አባዬ ቀና አሉ። አብሮ የተሳፈረውን አስተርጓሚ «ምን አለኝ?» አሉት።

«ደህና ይሁኑ ማለቱ ነው፣ አባት» አለ።

ካቦው መች ዝም ይላል! እየሳቀ በቋንቋው የሆነ ነገር አለው፤ አስተርጓሚው አፈረ፣ ግን ተረጎመ። «ይኼ ሰውዬ፣ ጥንት ባገራችን "ባሪያህ ነኝ" ማለት ነበር፣ ዛሬ ግን ሰላምታ ብቻ ነው ይላል።»

አባዬ አልተቆጡኝም። በተቆጡኝ! «ባሪያነት ለፈጣሪ ነው፤ ልጅ ላባቱ ልጅ ነው። ና፣ እንደ ልጅ ተሰናበተኝ» አሉኝ። አፌን ስከፍት ካሚዮኑ ሄደ። ሮጥሁ፣ ባቧራው ውስጥ ሮጥሁ፣ ሮጥሁ፣ አልደረስሁበትም። አባዬ በዚያው ቀሩ፤ ሬሳቸውን እንኳ አላየን።

ዛሬ የተማሩት «ኧረ አባባ፣ ቃሉ ተለውጧል፣ ትርጉሙን ጣልያኑም ረስቶታል፣ ባማርኛም ደህና ሁን ሆኗል» ይሉኛል። ይለወጥ! ካገር አገር ሲዞር ይለወጥ፣ እኔ ምን ገዶኝ! ካቦው በጨዋታ አለው፣ አስተርጓሚውም የተባለውን ተናገረ። እኔን የሚያበግነኝ ይኼ አፌ ነው፣ ይኼ! የሰው ቃል ይዞ የራሱን የጣለ አፍ!

(እዚህ ላይ እኔ ጸሐፊው እንዲህ አልኋቸው፦ «አባባ፣ አባትዎ "ና" ብለው ጠርተውዎት የለም እንዴ? እሱም እኮ ምርቃት ነው።»)

አታባብለኝ! ምርቃት ማለት አሜን የሚሉት ነው። እኔ አሜን አላልሁም።