ለቤት መግቢያ የምትቀር ጉልበት

እትዬ በቃ፣ ዛሬ መሸኛዎ ነው፣ ማምለጫ የለዎትም! እስከምጨርስ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት ስፖርት ወደምናሠራበት ክፍል ገቡ፤ ሰላምታም ሳይሰጡ ጥግ የነበረውን ወንበር ጎትተው መሀል ላይ አደረጉና ቁጭ! ካርድ ክፍል የምትሠራው እህታችን አዲሷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሆንዎን በምን ትወቅ? "እናቴ፣ ተራ ይጠብቁ" ብላ ከታካሚዎች ጋር አሰለፈችዎት። እርስዎም እሺ ብለው ተሰለፉ! ተራዎ ደርሶ "ምንዎን ነው የሚያምዎት?" ብልዎት፣ "የወንበራችሁ ርቀት" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያን ወንበር ከመሀል ያነሳ ወየውለት። ጡንቻቸው በበሽታ ከዓመት ዓመት እየደከመ የሚሄድባቸውን ሰዎች እኛ "በርቱ! አንድ ጊዜ ብቻ!" ስንል፣ እርስዎ ከኋላ "በቃ!"
"ኧረ እትዬ፣ ገና መጀመራቸው እኮ ነው!"
"ቤታቸው ድረስ አንተ ልታዝላቸው ነው? ጉልበታቸው ለቤት መግቢያ ይቅር።"
ስብሰባ ላይ አለቃችንን ሳይቀር "በቃ" ብለው አስቁመውታል። ለዚህስ ዕድሜ ይስጥዎት!

ልብስ ሰፊው ጋሼ ይኸው እዚህ አሉ። ሲመጡ "ከተንቀሳቀስኩ ይብስብኛል" ብለው አልጋ ይዘው ነበር፤ ከወንበር የምታነሳቸው ልጃቸው ነበረች። እርስዎ አልዋሿቸውም። "በሽታውን አላቆመውም፤ ያለዎትን ጉልበት ግን አብረን እንጠብቀዋለን" አሏቸው። ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበው ከፍ አደረጉላቸው፤ ትንሽ መነሳት፣ መቀመጥ፣ ከዚያ ረጅም እረፍት። ዘንድሮ እጃቸው መቀስ አልጨብጥ ብሏል። ከወንበራቸው የሚነሱት ግን ዛሬም ራሳቸው ናቸው።

እትዬ፣ የሚድን ሰው ማከምማ ማን ይጠላል? እየደከመ ከሚሄድ ሰው ጋር፣ ሳይዋሹም ተስፋም ሳያስቆርጡ፣ ዓመት ከዓመት መቆየት ግን አንጀት ይጠይቃል። እሱን እርስዎ ጋ አየሁት። በጣም ነው የምንወድዎት።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ። በእትዬ ሕግ ማንም እንዳይቆም፤ ጉልበታችሁ ለቤት መግቢያ... ኧረ ጋሼ! ምነው? ይቀመጡ እንጂ! ምን አሉ?... "ከጠዋት ጀምሬ ያስቀመጥኳት ለዚች ነው"?

እትዬ፣ አያልቅሱ እንጂ፣ እኔንም ያስለቅሱኛል! እንግዲህ ጋሼ ቆመው ማን ይቀመጣል? ተነሱ፣ ሁላችሁም! ለእትዬ በቃ! ጤናዎ ይብዛ፤ በሄዱበት ሁሉ ወንበሩ ቅርብ ይሁንልዎት!