አንድ ብሎኬት ወደፊት የመጣው ግድግዳ

የምስክር ስም፦ ማህደር ቴዎፍሎስ
ዕድሜ፦ 19
የትምህርት ደረጃ፦ 4ኛ ክፍል
ሥራ፦ የፔንሲዮን ጽዳት
አድራሻ፦ ደባርቅ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡40

የምሠራው አቶ ታደለ ፔንሲዮን ነው፤ ወደ ሊማሊሞ መውጫው ላይ ያለው ባለ አንድ ፎቁ። ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። ሚስቱን እትዬ የሺወርቅን አላውቃትም፤ አምና በዐቢይ ጾም መንና ገዳም ገባች ይባላል። የመነነ ሰው ደግሞ አይፈለግም፣ ወዴት ገባች ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ዘመዶቿም ጸሎቷ ይድረሰን ብለው ተዉት። እኔም አልጠየቅሁም።

ትላንት ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ከክፍል አራት ሥር ያለው ክፍል ጣሪያ ውሃ አንጠባጠበ። ክፍል አራት አይከራይም፣ ጋሼ ታደለ ማንም እንዳይገባ ብሏል። እሱ ግን ጎንደር ነበር፣ ስልኩን አያነሳም፣ ውሃው እንግዳ አልጋ ላይ ነው የሚወርደው፣ ምን ላድርግ? ቁልፉን ከመሳቢያ አወጣሁና አጎቴን ዳምጤን ጠራሁት። የእናቴ ወንድም ነው፣ ቧንቧ ሠሪ ነው፤ ቤቱ ሲሠራም ቧንቧውን የዘረጋው እሱ ነው።

የሽንት ቤቱ መቀመጫ የውሃ ሳጥኑ ተሰንጥቋል። አጎቴ ይቀየራል አለ። አዲስ ከመገዛቱ በፊት ከግድግዳው መቀመጫውን ከወለሉ ጋር እስከሚያስረው ቡሎን መሃል ይለካል፣ ልኩ ካልሆነ አይገጥምም። እኔ ለካሁለትና "አሥራ ስምንት ሳንቲ" አልኩት። "ወይ አንቺ! አራተኛ ክፍል ድረስ ምን ነበር የምትሠሪው?" ብሎ ሳቀና ራሱ ለካ። አሥራ ስምንት። ሳቁን ተወ። አጎቴ መቀመጫ በገጠመ ቁጥር ልኩን ሳጥኑ ክዳን ሥር ይጽፋል፣ ኋላ የሚመጣው እንዳይደክም ብሎ። ክዳኑን ገለበጠው፤ በራሱ እጅ ጽሑፍ 30 ይላል። የሳጥኑ ጀርባ ደግሞ ልስኑ ውስጥ ተቀብሯል።

"አሥራ ሁለት ሳንቲ ጎድሏል፤ አሥሩ ብሎኬት፣ ሁለቱ ልስን። ማሂ፣ ይሄ የኔ ግድግዳ አይደለም፣ ፊቱ ላይ ሌላ ተሠርቶበታል። እዚህ ጋ እኮ በር ነበረ፣ ቧንቧዎቹ ወደሚወርዱበት፣ አንድ ሰው ወደሚያስቆም ጠባብ ቦታ የሚያስገባ። ማነው የደፈነው?" አለ። ደፋኙ ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ታደለ መጣ። ክፍሉን በመክፈቴ እንዳይቆጣ ፈራሁና እየሳቅሁ "ጋሼ፣ አጎቴ ግድግዳው ወደፊት መጥቷል ይላል፣ በሩንም ማን ደፈነው ይላል" አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! ወዲያው አጎቴ ወዳለበት ወደ ላይ ወጣ። ትንሽ ቆይተው ሁለቱም ወረዱ። "በል ዳምጤ፣ ዳባት ልኩ የሆነ መቀመጫ አለ፣ ግባ መኪና ውስጥ" ይለዋል። አጎቴ "በአሥራ ስምንት የሚገጥም መቀመጫ እኔ አይቼ አላውቅም" አለ፣ ግን ገባ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ ታደለ ብቻውን ተመለሰ። አጎቴስ ስለው "ዳባት ዘመድ ጋ ያድራል" አለኝ። ዳባት ዘመድ የለንም። ስልኩ ዝግ ነው። የመሣሪያ ቦርሳው መኖሩን ለማየት ወጣሁ፣ ክፍል አራት ተቆልፏል፣ ቁልፉም ከመሳቢያው ጠፍቷል። እናቴ ቤት ሄጄ አደርኩ፣ አጎቴ እዚያም አልመጣም።

ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ስገባ ግቢው ውስጥ ብሎኬትና ሲሚንቶ ያራግፋሉ። ጋሼ ታደለ ጠራኝና "ማህደር፣ አንቺም ጾም ጸሎት ትወጃለሽ፣ ገዳም ብትገቢ ማን ይገርመዋል?" አለኝ። ባልዲውን ጥዬ ሮጥኩ፣ የመጣሁት በቀጥታ እዚህ ነው። እናንተ ይሄን ስትጽፉ እነሱ ሲሚንቶ እያቦኩ ነው። አሁኑኑ ሂዱልኝ፣ ሳይደርቅ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የጨመርኩት የለም። ውሸት ከሆነ በሕግ ልጠየቅ፣ አጎቴም በእግሩ መጥቶ ይሳቅብኝ።

የምስክር የጣት አሻራ፦ ማህደር ቴዎፍሎስ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ኪዳነምሕረት ሐብታሙ (ፊርማ)