አብርሆት በገዛ ደሟ ያየችው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከዋጫ፣ ከማንኪራ፣ ከሺሺንዳ የመጣችሁ ወገኖች፤ እትዬ ዓባይነሽ፣ የአብርሆት እናት፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እኔ ኢያሱ ነኝ፤ ከአብርሆት ጋር በአንድ ቤተ ሙከራ የሠራሁ። ይኸው ፊታችሁ ቆሜያለሁ። ያለብኝ ኀዘን ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ።

አብርሆት ለማስተማር ቦንጋ ስትመጣ ማንንም አታውቅም ነበር። ማንኪራ ወርዳ እግራቸው የሚያብጥ፣ ፊታቸው የሚነፋ ሰዎች አየች። ከፊሉ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ ከፊሉ እርግማን ነው ይላል። እሷ ግን «ኩላሊታቸው ነው» አለች። «ኩላሊት ውስጥ ያለን አንድ ፕሮቲን የገዛ ደማቸው እንደ ጠላት እየወጋው ይሆናል።» ይህን ለማወቅ ያው ፕሮቲን በእጃችን መኖር ነበረበት።

ጅማ ድረስ ሄደን ፕሮቲኑን በበረዶ ሳጥን ተቀበልን። ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ሆኖ አውቶቡሱ ቆመ። ረዳቱ «ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?» አለ። አብርሆት መዋሸት መቼ ታውቃለች! «የሰው ፕሮቲን» አለች። እዚህ የቆሙት የሺሺንዳዋ ነጋዴ፣ እትዬ ተሾመች፣ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«የማን ሰው?»

አብርሆት ሳጥኑን ታቅፋ፣ «እትዬ፣ ከማንም አልተቆረጠም» አለች። «የሰው ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ታውቆ፣ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ እጀታ የመሰለች ምልክት ተቀጥላለታለች፤ በእሷ ይዘን ሳህን ላይ እናጣብቀዋለን።»

«በይ ወደዚያ አርጊው!» አሉ። እስከ ቦንጋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ መጡ። አይደለም እንዴ፣ እትዬ? አይፈረድብዎትም። እኔም ፈርቼ ነበር።

የታማሚዎቹን ደም ከጤነኛ ሰው ደም ጋር ማወዳደር ነበረብን። ጤነኛ ማን ነው? አብርሆት እጅጌዋን ሰበሰበች። «እኔ አለሁ አይደል!» አለች እየሳቀች። ደሟን ቀዳሁ። ፕሮቲኑ በተጣበቀበት ሳህን ላይ ደም ገብቶ መለያ ፈሳሽ ሲጨመርበት፣ ፕሮቲኑን የሚወጋ ደም ቢጫ ይሆናል፤ የጤነኛ ሰው ውሃ መስሎ ይቀራል። የእሷ ቢጫ ሆነ።

«አበላሽተነዋል፤ እንድገመው» አለች። ደገምነው። ቢጫ። ሌላ ሳህን አመጣን። ቢጫ። ሳቋ ጠፋ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ካልሲዋን ዝቅ አደረገች። ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ጫን አለችው። የተጫነው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ፤ አልመለስ አለ።

«ኢያሱ፣ ፈራሁ» አለች።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሞች መርምረው በሽታው እንዳለባት አረጋገጡ። መድኃኒት ጀመረች። እብጠቱ ጎደለ፤ ደስ አለን። ማንኪራ መውረዷንም አልተወችም። ከትናንት በስቲያ ረቡዕ ጠዋት ግን ተማሪዎቿ ፊት ትንፋሽ አጠራት። ተሸክመናት ሮጥን። አልደረስንም። ደሟ ረግቶ ሳንባዋን ዘጋው፤ ይህ በሽታ እንዲህም ያደርጋል።

አሁን ምን እየተባለ ነው? «ደሟን ሰጥታ ሞተች» ይባላል። ሰምቻለሁ። የቀዳሁት እኔ ነኝና እኔን ስሙኝ። ደም መስጠቷ አልገደላትም፤ በሽታው ቀድሞ ገብቶባት ነበር። ይህን ወሬ ሰምተው ከማንኪራ ለምርመራ መምጣት የነበረባቸው ሰዎች ቀርተዋል። እግራቸው እያበጠ ቤታቸው ተቀምጠዋል። መድኃኒት እያለ! እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የራሴንም ደም እስካሁን መርምሬ አላየሁትም። አልደፈርኩም።

ትናንት እትዬ ዓባይነሽ ድንኳኑ ውስጥ ጠሩኝ። «ሰው ከፈራ፣ ማንኪራ ውሰደኝና በሰው ፊት የእኔን ደም ቅዳ» አሉኝ።

አብርሆት፣ ማክሰኞ እናትሽን ይዤ እወርዳለሁ። በደማቸው ክፉ ነገር ባይ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ለሰው መንገሩን የምታውቂበት አንቺ ነበርሽ። አንድያ ልጃቸውን ዛሬ አፈር አልብሰናል።

በይ ሂጂ፣ እህቴ። በሰላም ሂጂ።