የማይናገረው ቁልፍ

በሥራው የሚመካ ሰው አንድ ቀን ከሥራው ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ አይቀርም። ለኢንጂነሩ ያ ቀን የደረሰው ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዶ በዋለበት ዕለት፣ በዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ነበር።

ኢንጂነሩ ድረ ገጽ ሠሪ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ የአንዲት ትንሽ ሱቅ ገጽ እንኳ ሲሠራ ድልድይ የሚገነባ ይመስል ነበርና። ታካሚዎች ቤታቸው ሆነው በስልካቸው ተራ የሚይዙበትን የክሊኒኩን የቀጠሮ ገጽ የሠራው እሱ ነው። የዚያን ዕለት የመጣው ሥራ አስኪያጇን ሊያነጋግር ነበር፤ ገጹ የተሠራበት ፍሬምወርክ ስላረጀ በአዲሱ ሥሪት እንደ ገና ይጻፍ ሊላት።

ፍሬምወርክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የምናይበት ፕሮግራም፣ የራሱ የሆኑ ብዙ ዝግጁ ነገሮች አሉት። ቁልፍ አለው፣ መጻፊያ ሣጥን አለው፣ ቀን መምረጫ አለው። ፍሬምወርክ ደግሞ ሌሎች ሰዎች አስቀድመው የጻፉት፣ ድረ ገጽ ሠሪው በዚያ ሁሉ ላይ የሚጭነው ትልቅ የኮድ ጥቅል ነው። ኢንጂነሩ ያለ እሱ አንዲት መስመር መጻፍ ራቁቱን አደባባይ እንደ መውጣት ያሳፍረው ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሳይደርስ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ታላቅ እህቱን አያት። አጠገቧ ልጇ አለች፤ የኮምፒዩተር ትምህርቷን ጨርሳ ከሌላ ከተማ የተመለሰችው ገና በዚያ ሳምንት ነው። እህቱን የስኳር በሽታ አንደኛውን ዓይኗን ከወሰደባት ቆይቷል። በሁለተኛው ፊደል መለየት ባትችልም የሰው ፊት ታይበት፣ ብቻዋን ትንቀሳቀስበት ነበር። ስልኳን የምትጠቀመው ጣቷ ያረፈበትን ሁሉ እያነበበ በሚነግራት ድምፅ ነው።

«እትዬ! ምነው፣ በደኅና?» አላት።

ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች። «አንተ ነህ? እሰይ፣ ጥሩ ሰዓት መጣህ። ቀጠሮ የለሽም ይሉኛል። ወንድሜ በሠራው ገጽ ነው የያዝኩት ብላቸው፣ የለሽም አሉ።»

«መቼ ነው የያዝሽው?»

«ኧረ ቆየ! ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር መንሳፈፍ የጀመረ ጊዜ ነው። ይደውላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ… አሁን ልጄ መጥታ ስታቅፈኝ ፊቷን አጣሁት።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ ገጹ ላይ አንድም ስህተት አላየሁም!» አለ ኢንጂነሩ ሳያስበው፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

እህቱ ግን ሳቀች። «ተው እንጂ፣ ለአንድ ቤተሰብ እኔ እበቃለሁ» አለችው።

ነርሷ መጥታ እጇን ይዛ አስገባቻት፤ ሁኔታዋን አይተው ያለ ቀጠሮም ቢሆን ሐኪሙ እንዲያያት ፈቅደዋል። አጎትና የእህት ልጅ አግዳሚው ላይ ቀሩ። ከዣንጥላዎቹ የሚንጠባጠበው ውሃ በሩ ሥር ያለውን ባልዲ ይመታል። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«እናትሽ ተሳስታ ይሆናል» አለ ኢንጂነሩ። «ገጹ ይሠራል፤ እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ።»

«በምን ሞከሩት አጎቴ?»

«በስልኬ ነዋ!»

«በአዲሱ ስልክዎ፣ በቢሮዎ ፈጣን ኢንተርኔት፣ በደኅና ዓይንዎ» አለች ልጅቱ ረጋ ብላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ቁጭ ብዬ የገጹን ውስጥ አየሁት። መጨረሻ ላይ ነጭ ቀስት የተሣለበት አረንጓዴ ክብ አለ አይደል? እሱ ቁልፍ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ቀለም የተቀባ ባዶ ሣጥን ነው። ለሚያይ ሰው ቁልፍ ይመስላል። ለእማዬ ግን ግድግዳ ላይ እንደ ተሣለ በር ነው፤ የሚያነብላት ድምፅ ምንም ሳይል አልፎት ይሄዳል። ስሟን ሞላች፣ ስልኳን ሞላች፣ ቀኑን መረጠች። ከዚያ የሚጫን ነገር እንዳለ የነገራት የለም፤ ያለቀ መሰላት። የብራውዘሩን የራሱን ቁልፍ አስቀምጠው ሁለት ቃል ቢጽፉበት ኖሮ ይነግራት ነበር።»

ኢንጂነሩ ጆሮው ሲግል ተሰማው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለ። «ይኼ የፍሬምወርኩ ጥፋት አይደለም። በእሱም እውነተኛ ቁልፍ ማስቀመጥ ይቻላል።»

«ልክ ነዎት፣ ይቻላል። ታዲያ ለምን አላስቀመጡም?»

«ተዘጋጅቶ የመጣውን፣ ያማረውን አነሣሁ።»

«ውስጡን አይተውታል?»

«ስንቱን አያለሁ? በሺህ የሚቆጠር ፋይል እኮ ነው!»

«እኔም የምለው ይኼንኑ ነው፤ ያላዩትን ነገር ለታመመ ሰው ሰጡ።»

ይህቺ ቃል ወጋችው። ሆኖም ሙግቱን አልተወም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የተማረ ሰው ደግሞ ይብሳል፣ የማይለቅበትን ምክንያት ደርድሮ ያውቃልና።

«አንቺ አልደረስሽበትም» አለ። «እኛ ሥራ ስንጀምር አንዱ ብራውዘር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ገጽ ሌላው ላይ ይፈርስ ነበር። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስንጽፍ ወጣትነታችን አለቀ። ከዚያ ጣጣ ያወጣን ፍሬምወርክ ነው። ውለታውን እንዴት ልርሳ?»

«ውለታውንስ አይርሱ። ግን አጎቴ፣ ያ ዝናብ እኮ አባርቷል። ያን ጊዜ ብራውዘሮቹ ያልነበራቸውን ዛሬ ሁሉም ይዘውታል። እርስዎ ግን ዣንጥላዎን እንደ ዘረጉ ነው።»

«ትልልቅ ሥራስ? ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፈውስ?»

«እዚያ ያስፈልግ ይሆናል፣ አልክድም። ብዙ እጅ የሚገባበት፣ ዓይናችን እያየ ሁሌ የሚለዋወጥ ሥራ ሥርዓት የሚያስይዘው ነገር ይፈልጋል። ይኼ ግን ስም፣ ስልክና ቀን የሚጠይቅ አንድ ቅጽ ነው። ለአንድ ቅጽ ብሎ የእማዬ አሮጌ ስልክ ያን ሁሉ ጥቅል አውርዶ እስኪጨርስ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።»

«ግን ፍሬምወርክ ሳትችይ ማን ይቀጥርሻል?»

«ተምሬዋለሁ፣ እችላለሁ። መቻልና ያገኙት ነገር ላይ ሁሉ መጫን ግን ለየቅል ናቸው።» ከዚያ የእናቷን ስልክ አወጣችና እጁ ላይ አኖረችው። «እኔን አይመኑኝ። ዓይንዎን ይጨፍኑና ቀጠሮ ይያዙ።»

ኢንጂነሩ ሊስቅ ፈልጎ አልመጣለትም። ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ «ስም፣ መጻፊያ» አለው፤ ጻፈ። «ስልክ፣ መጻፊያ» አለው፤ ጻፈ። ቀኑንም መረጠ። ከዚያ ጣቱን ወደ ቀጣዩ አሳለፈና ድምፁ «የክሊኒኩ አድራሻ» አለው። ወደ ኋላ መለሰው፤ «ቀን» አለው። ወደ ፊት፤ «የክሊኒኩ አድራሻ»። በገዛ እጁ የሠራውን፣ የት እንዳለ በሕልሙም የማይስተውን ቁልፍ አጣው። ዓይኑን ሲገልጥ አረንጓዴው ክብ እዚያው አለ፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ጥላ እንድትለሰልስ ብዙ የደከመላት፣ የሚያምር፣ ዲዳ ነገር።

«አሁን ገባኝ» አለ። ያቺ ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ቃል ነበረች።

በዚህ መሐል ሐኪሙ ወጣ። «ቤተሰቦቿ ናችሁ?» አለ ጓንቱን እያወለቀ። «በዓይኗ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ያለው ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ተላቋል፣ ደምም አለ። ያን ጥቁር ነገር ማየት ስትጀምር መጥታ ቢሆን አንድ ነገር እናደርግ ነበር። አሁን ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ያለፈ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም።»

ልጅቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኢንጂነሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አጽናኝ ቃል ፈለገ፤ ከእሱ አፍ የሚወጣ ምን አጽናኝ ቃል ይኖራል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ። መረዳት መልካም ነው፤ በጊዜው ካልመጣ ግን ከለቅሶ ብዙም አይሻልም።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። «ገጹ እንደ ገና ይጻፋል» አላት። «በአዲሱ ሥሪት አይደለም። ያለ ፍሬምወርክ ነው የምጽፈው።» የሆነውንም ሳይደብቅ ነገራት። ሴትዮዋም «ዛሬውኑ ጀምር» አለችው።

የእህቱ ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ አብረው ሠሩት። ቁልፉ የብራውዘሩ ቁልፍ፣ ቅጹ የብራውዘሩ ቅጽ፣ ቀን መምረጫውም የብራውዘሩ። ሲጨርሱ የጻፉት ሁሉ ቁጭ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነቡት ነበር፤ ነገ ሌላ ሰው ቢረከበውም ያነበዋል። አሮጌ ስልክ ላይ ወዲያው ይከፈታል፤ ኔትወርክ ሲደክም ነጭ ሆኖ አይቀርም፤ የፍሬምወርክ ሥሪት አረጀ ተብሎም አይፈርስም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ኢንጂነሩ ዕድሜውን ሙሉ መዳብ ሲል የኖረው ያን የብራውዘሩን የራሱን ነገር ነበር። ዛሬ ለባልደረቦቹ የሚላቸው አንድ ነገር ነው፤ «መጀመሪያ ያለውን ጠይቁ፣ የጎደለውን ብቻ ጨምሩ።»

ግን ከሁሉ የከፋውን የነገረችው የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ናት። አዲሱ ገጽ ከወጣ ወዲህ፣ ከዚህ በፊት በገጹ ቀጠሮ ይዘው የማያውቁ ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ ሽማግሌዎች፣ በሰው የሚመሩ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ። «የት ነበራችሁ?» ስትላቸው፣ «ሞክረን ነበር፣ ዝም አለን» ይሏታል። ለካ ደጃፉ ላይ የቀረችው የእሱ እህት ብቻ አልነበረችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እህቱ ቤት ሄደ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ የቀራትን ያህል እየቀመሰችው። «እትዬ፣ እስኪ ሞክሪው» አላት።

ስልኳን አንሥታ ስሟን፣ ስልኳን፣ ቀኑን ሞላች። ጣቷን አሳለፈች። ድምፁ «ቀጠሮ ይያዙ፣ ቁልፍ» አለ። ተጫነችው። «ቀጠሮዎ ተይዟል» አለ።

«አየህ፣ አሁን ነገረኝ» አለች ፈገግ ብላ። «እኔ እኮ ቸኩዬ ያለፍኩት እየመሰለኝ ራሴን ስወቅስ ነው የከረምኩት።»

ኢንጂነሩ አጠገቧ ተቀመጠ። «ይቅር በይኝ እትዬ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ ወንድሜ አይደለህ?» አለችው። «አሁን ግን ይኼ ቀጠሮ ይሰረዝ። እኔ ምን ላደርግበት? የሚድን ዓይን ያለው ሰው ይያዘው።»

ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ጣቷን ቀስ እያደረገች ራሷ ፈለገችው፤ ድምፁም «ቀጠሮውን ይሰርዙ፣ ቁልፍ» አላት።