ሰይድ የሠራው ወጥ

ከጅዳ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የባለቤቴ አጎቶች እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ ከጎብዬ ቆቦ ድረስ መጡ። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ መምጣቴ ነውና ያን ቀን መቀመጥ ብቻ ነበር ያማረኝ። ባለቤቴ ሰይድ የፍየል ወጥ ሲሠራ አረፈደ። እኔ ስሄድ ሻይ እንኳ አያፈላም ነበር፤ ልጃችንን ብቻውን ሲያሳድግ ነው የለመደው። አጎቶቹ በር ላይ ሲደርሱ ግን ማማሰያውን አስያዘኝና ወጥቶ አብሯቸው ተቀመጠ። ወጡን አቀረብኩ። ትልቁ አጎቱ አንዴ ጎርሰው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ የሴት እጅ ሲገባበት ቤት እንዲህ ነው። ሰይዴ፣ እስከ ዛሬ ምን ስትበላ ኖርክ?» አሉት። ሰይድ አቀርቅሮ እንጀራውን መቁረስ ቀጠለ። እንዳላሳፍረው ብዬ «ይብሉ እንጂ አባባ» አልኳቸውና ወጥ ጨመርኩላቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሰይድ በሩን ገርበብ አድርጎ ድስቱን ማጠብ ጀመረ። «ምነው ሳትነግሪያቸው ቀረሽ?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ትቀየመኛለህ ብዬ ነዋ። አንተስ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔ ብናገር ይስቁብኛል። አንቺ ብትነግሪልኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

ያጠበውን ድስት ተቀበልኩት። ጅዳ ማዳም እኔ የሠራሁትን ምግብ ለእንግዶቿ «የእጄ ሙያ ነው» እያለች ስታቀርብ፣ ማድ ቤት ቆሜ ስንቴ እንደሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው።